የኤሊዋ መዝጊያ

ባለፈው ዓመት የጓዳዬ የውሃ መዝጊያ ዝጎ አልዞር ስላለኝ ቧንቧ ሠራተኛ አስጠርቼ ነበር። ሰውየው መሬት ላይ ተንበርክኮ በዛገው ብረት ላይ ላምባ ሲያንጠባጥብበት፣ የላምባውና የዝገቱ ሽታ ተቀላቅሎ ጓዳውን ሞላው፣ እኔም ሳላስበው ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ሄድኩና የውጭውን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት። «እማማ፣ ሽታው አስቸገረዎት?» አለኝ። «የለም፣ ሥራህን ሥራ» አልኩት። በሩን የከፈትኩት ለሽታው አልነበረም። ያ ሽታ በመጣ ቁጥር የተዘጋ በር አጠገብ መቀመጥ አልችልም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ።

አባቴ በድሬዳዋ ለገሃር መስመር ቀያሪ ነበር። ባቡር ሊገባ ወይም ሊወጣ ሲል ከባዱን የብረት እጀታ ስቦ ሐዲዱን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ያዛውር ነበር። ፈረንሳይኛ ያውቃል ይባልለት ነበር፣ እርሱም አያስተባብልም ነበር፣ የሚያውቀው ግን በባቡሩ ግቢ በሰሌዳና በማሽን ላይ የሚጻፈውን ያህል ነበር። ከሰሌዳዎቹ ሁሉ አብልጦ የሚያከብረው ቀዩን ነበር። በቀዩ ላይ «አሬ» ተብሎ ተጽፏል፣ ቁም ማለት ነው። «አሬን ያለፈ ሰው ነፍስ አጥፍቷል» ይለን ነበር፣ ራት ላይ እንኳ፣ እኛ የምንነዳው ባቡር ያለን ይመስል።

ከቀዩ ሰሌዳ ቀጥሎ በቤታችን የማይታለፈው ነገር ጣልያን ነበር። ታላቅ ወንድሙ በጦርነቱ ጊዜ ሞቶበት ስለነበር፣ አባቴ የጣልያን ቃል ጆሮው እንዲገባ አይፈልግም ነበር። ድሬዳዋ ላይ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ፉርኖ ሲል እኛ የፈረንጅ ዳቦ እንል ነበር፣ ጎረቤቱ ሁሉ ካልሲ ሲል እኛ የእግር ሹራብ እንል ነበር። «መኪና» የሚለውን የጣልያን ቃል ብቻ ምትክ ስላጣለት እንዳለ ተቀብሎት ነበር። እናቴ በጣልያን ጊዜ፣ ገና ልጃገረድ ሳለች፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በአንድ ጣልያናዊ ልብስ ሰፊ ሱቅ ተቀጥራ ትሠራ እንደነበር የነገሩኝ ጎረቤታችን አዴ ሞሚና ናቸው። እናቴ ራሷ ስለዚያ ዘመን አንድ ቀን እንኳ አውርታ አታውቅም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው፣ ሙቀቱ ጋብ ብሎ የድሬዳዋ ሰው ምሽት ላይ ነጠላ በሚደርብበት ወር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በኪራይ ክፍል የኖረ ሰው ስለነበር፣ ማንም ውጣ የማይለው ቤት አጥብቆ ይመኝ ነበር። መሬት ግን አልነበረውም። ስለዚህ መሬት የማይጠይቅ ቤት ገዛ፤ በመኪና የሚጎተት፣ አልጋና ምድጃ የተገጠመለት፣ ባለ ጎማ የቆርቆሮ ቤት። እርሱ ሩሎት ይለው ነበር። የሸጠለት አሮጌ ብረት የሚነግድ አንድ ግሪክ ነበር፣ ከጅቡቲ በባቡር የመጣ የፈረንሳይ ሥራ ነው ብሎ ማለለት፣ አባቴም አመነው፣ በሐዲድ ላይ የመጣ ነገር ሁሉ ፈረንሳይ ይመስለው ነበርና።

ማቆሚያ ቦታ የሰጡን የአዴ ሞሚና ባል ሐጂ ዩያ ነበሩ። ግቢያቸው ደቻቱ አጠገብ ነበር፣ በበጋ አሸዋ ብቻ የሆነው ወንዝ ዳር። የግቢው በር ጠባብ ስለነበር ግንቡን አፍርሰው ሩሎቷን በቀዳዳው አስገቧት፣ ከዚያም ሌባና ጅብ እንዳይገባ ብለው ግንቡን መልሰው ሠሩት። ቤታችን ጎማ ነበራት፣ መውጫ ግን አልነበራትም። የሰፈሩ ልጆች ሳምንት ሳይሞላት ኤሊ ብለው ሰየሟት፣ ስሟም ጸናባት። እኔንም ትምህርት ቤት ስሄድ «የኤሊ ልጅ፣ አንገትሽን አውጪ እስቲ» ይሉኝ ነበር።

ኤሊዋ ለሁለት ሰው የተሠራች ነበረች፣ እኛ ደግሞ ከሕፃኑ ወንድሜ ጋር አራት ነበርን። መስኮቷ አንድ ብቻ ነበረች፣ ትሪ የምታህል። አንዳችን ለማለፍ ስንፈልግ ሌላው አልጋ ላይ መውጣት ነበረበት። የአባቴ ኩራት ግን በኋላ ጥግ ያለችው ሽንት ቤት ነበረች፣ በዚያን ጊዜ በሰፈራችን በቤቱ ውስጥ ሽንት ቤት ያለው ሰው አልነበረምና። እንግዳ ሲመጣ ሻይ ከመቅረቡ በፊት በሯን ከፍቶ ሰንሰለቷን ይስብ ነበር፣ ውሃው ጉርር ብሎ ሲወርድም «ቤት ውስጥ» ይል ነበር፣ ሌላ ምንም ሳይጨምር። የሚወርደው ሁሉ ከወለሉ ሥር በተገጠመ የብረት በርሜል ውስጥ ይጠራቀም ነበር። በርሜሉ ሲሞላ ከሥሩ ያለውን መዝጊያ ከፍቶ፣ አባቴ ራሱ ወደቆፈረው ጉድጓድ ማፍሰስ ነው። መዝጊያው የመኪና መሪ የምትመስል ትንሽ ክብ እጀታ ነበረችው፣ በእጀታዋም ላይ ሁለት ቀስቶች ተቀርጸው ነበር፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ፣ በየቀስቱ ጫፍም አንድ አንድ የፈረንጅ ፊደል።

ፊደሎቹን በመጀመሪያው ቀን አባቴ አነበበልን። «ይቺ አ ናት፣ አሬ፣ ቁም። ይቺ ደግሞ ሴ ናት፣ ኩሌ፣ ፍሰስ» አለ። እናቴ ሕፃኑን እንዳዘለች ጎንበስ አለች፣ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ከፊደሎቹ ላይ ጠርጋ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ማንበብ አትችልም ነበርና ምን እያየች እንደሆነ ገርሞኝ ነበር። ከዚያ ቀና ብላ የአባቴን ፊት አየች። ፊቱ በደስታ በርቶ ነበር። ነጠላዋን አራገፈችና ወደ ውስጥ ገባች።

በሚያዝያ ሙቀቱ መጣ። ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ እጅ አያስነካም ነበር። እናቴ አንሶላ በውሃ ነክራ በመስኮቷና በበሩ ላይ ትሰቅል ነበር፣ አንሶላውም ተንጠባጥቦ ሳይጨርስ ይደርቅ ነበር። የሕፃኑ ገላ በሙቀት ሽፍታ ተሸፈነ፣ ሲተኛም ሲነሳም ያለቅስ ነበር። ውጭ በግቢው ግራር ሥር እንዳትቀመጥ ኤሊዋን ለማየት የሚመጣ ሰው አይጠፋም፣ እናቴ ደግሞ መታየት የማትወድ ሴት ነበረች፣ የሰው ድምፅ በሰማች ቁጥር በሩን ከውስጥ ትዘጋው ነበር። በዚሁ ወር በርሜሉ ሞላ፣ መዝጊያውም አልከፈት አለ። ሁላችንም ወደ ግቢው ሽንት ቤት ተመለስን። የአባቴ ሽንት ቤት በጨርቅ ተወተፈች፣ ሽታው ግን በጨርቁ ዙሪያ እየሾለከ፣ ሌሊትም ቀንም አብሮን ይኖር ነበር።

ከዚያ በኋላ እሑዶቻችን ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኑ። አባቴ አሮጌ ካኪውን ለብሶ፣ ጆንያ አንጥፎ፣ ኤሊዋ ሥር በጀርባው ይገባ ነበር፣ እኔም ላምባውን በጣሳ አቀብለው ነበር። መዝጊያው ላይ ላምባ እያፈሰሰ፣ በጨርቅ እየጠቀለለ፣ በእጀታዋ መሐል ብረት እያስገባ ወደ ሴ ይስባት ነበር። እጀታዋ ትጮኽና የፀጉር ያህል ሄዳ ትቆም ነበር። «ሄደች፣ አየሽ?» ይለኝ ነበር። «ሄደች» እለው ነበር፣ እውነትም ትሄድ ነበር። በሳምንቱ ስንመለስ ግን ካለፈው ይልቅ ጠጥራ ትጠብቀን ነበር። ከበላያችን ወለሉ ላይ የእናቴ እርምጃ ይሰማኝ ነበር፣ ብረቱ ሲጮኽ እርምጃዋ ይቆም ነበር፣ ጩኸቱ ሲያበቃ ደግሞ ይቀጥል ነበር።

ምክር የሚሰጠው አልጠፋም። የሐጂ ዩያ የእህት ልጅ ዓሊ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣ ግቢው ውስጥ በነበረ ቁጥር ሚስማር የመሰለ ምላሱን ይዞ ይመጣ ነበር። «አቦ በቀለ፣ ወደዚያኛው ሞክራታ» አለው አንድ ቀን ቁጢጥ ብሎ።

«ወደ አ?» አለ አባቴ ከሥር ሆኖ። «አ ምን እንደሆነች ታውቃለህ?»

«የት አውቄ።»

«እንግዲያው ዝም በል። አሬ ናት። አሬ ላይ አይታለፍም።»

«ወላሂ ባቡር መሰለችው» አለኝ ዓሊ ወደ እኔ ዞሮ።

ከሐጂ ዩያ ማድ ቤት ጎን አንዲት ባዶ ክፍል ነበረች፣ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራች፣ ግንቧ ከክንድ በላይ የሚወፍር፣ በፊትና በኋላ በር ያላት። አንድ ቀን ቀትር ላይ አዴ ሞሚና እናቴን እጇን ይዘው ወሰዷት፣ እኔም ተከተልኳቸው። ደፉን ስንሻገር ሙቀቱ እንደ ልብስ ከላያችን ወለቀ። እናቴ መዳፏን ግንቡ ላይ አሳረፈችና አላነሳችውም። ሕፃኑን አውርደው ምድሩ ላይ አስተኙት፣ አንድ ጊዜ ተንጠራርቶ እንቅልፍ ወሰደው።

«ላንቺ ብዬ ነው ባዶዋን የያዝኳት» አሏት አዴ ሞሚና። «ለበቀለ ንገሪውና ግቡ።»

«እሺ አይልም፣ አዴ።»

«ኤሊዋ እንቢ ካለችውስ?»

እናቴ እጇን ከግንቡ ላይ ቀስ ብላ አነሳች። «ኤሊዋ እንቢ ካለችው እሺ ይላል» አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እሑድ በመጣ ቁጥር ልቤ ለሁለት ይከፈል ነበር። ጣሳውን ለአባቴ ሳቀብል እንድትከፈትለት እመኝ ነበር፣ ወደ ላይ ወጥቼ እናቴን ሳይ ደግሞ እንዳትከፈት።

በሐምሌ ከተራራው ላይ ዘንቦ ደቻቱ ወረደ። የደቻቱ ጎርፍ ከመታየቱ በፊት ይሰማል፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ባቡር። አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ሥራ ላይ ሳለ ውሃው በግንቡ ሥር ሾልኮ ግቢውን ሞላው፣ በአንድ ወገን ያሉት ጎማዎች አሸዋው ውስጥ ሰጠሙ፣ ኤሊዋም ወደ ጎኗ አዘመመች። ስታዘምም በሩ ከመቃኑ ጋር ተናንቆ አልከፈት አለ። እናቴ በትከሻዋ ገፋችው፣ ደግማ ገፋችው። በርሜሉ ሲናጥ ጨርቁ ከሽንት ቤቷ ላይ ተስፈንጥሮ ወደቀ፣ ሽታው ዓይናችንን አስለቀሰው። ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልጮኸችም። ሕፃኑን መስኮቷ ጋ ይዤው አየር እንዲያገኝ ሰጠችኝና በሩ ሥር ተቀመጠች፣ እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ። ዓሊ እስከ ጉልበቱ በሚደርስ ውሃ ውስጥ እየሄደ መጥቶ በሩን በብረት ፈለቀቀው። «ኤሊዋ አንገቷን አስገብታ ኖሯል» ብሎ ሊያስቀን ሞከረ። የእናቴ ጣቶች ግን ከእጀታው ላይ አልላቀቅ ብለው፣ አንድ በአንድ ያላቀቅኳቸው እኔ ነኝ።

የዚያን ዕለት ሌሊት በድንጋይዋ ክፍል አደርን። በማግስቱ አባቴ ኤሊዋን በድንጋይ ደግፎ አቀናና ፍራሻችንን ራሱ ተሸክሞ መለሰው። «ቤት እያለን» አለ። እናቴ ሕፃኑን አዝላ ተከተለችው።

ክረምቱ ሲወጣ የሐጂ ዩያ ልጅ ሠርግ ደረሰ። ሐጂ አንድ ምሽት በትራቸውን ተደግፈው ኤሊዋ ፊት ቆሙ። «በቀለ፣ ወላሂ ወንድሜ ነህ» አሉት። «ግን ከጀልዴሳ ዘመድ ሁሉ ይመጣል። ሰው በአንድ እጁ አፍንጫውን ይዞ በአንድ እጁ ሥጋ ይበላል እንዴ? እስከ እሑድ ክፈታት። ካልተከፈተች ግንቡን አፈርሳለሁ፣ ዓሊ ጎትቶ ያወጣታል፣ ለግሪኩ መልሰህ ሽጣት። እናንተ ወደ ክፍሏ ግቡ፣ ሜዳ ላይ አልጥላችሁም።» አባቴ «እሺ ሐጂ» አለ። እናቴ ሰሃን እያጠበች ነበር። ያን ሌሊት ልብሳችንን ሁሉ አጣጥፋ በሻንጣ ስታስቀምጥ አየኋት፣ ማንም ሳያዛት።

እሑድ ጠዋት ግቢው ለሠርጉ ሥራ በመጣ ሰው ተሞልቶ ነበር። ድንኳን የሚተክለው፣ እንጨት የሚፈልጠው፣ ሁሉም ሥራውን ትቶ ኤሊዋን ከበበ። ከአባቴ የሚታየው ጭቃ የነካው እግሩ ብቻ ነበር። እጀታዋ ትጮኻለች፣ ትቆማለች። ከሥር የሚወጣው ትንፋሹ ከሩቅ ይሰማ ነበር።

«በቀለ፣ መስመር ስትቀይርም እንዲሁ ነህ?» አለ ዓሊ። «ጅቡቲ ያልከው ባቡር ስንቱ አዲስ አበባ ገባ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሌላው ደግሞ «ተዉት፣ ኤሊዋን እያለባት ነው» አለ፣ ሳቁ በረታ።  የአባቴ እግሮች ወደ ውስጥ ተሰበሰቡ፣ የሚደበቁበት ያለ ይመስል።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰው ፊት መቆም የማትወደው እናቴ ደረጃዋን ወረደች፣ በሰዎቹ መሐል አልፋም ጭቃው ላይ ተንበረከከች።

«ወደ መሰላሉ አዙረው» አለች።

ሳቁ ቆመ። «ምን አልሽ?» አለ አባቴ ከሥር።

«መሰላል የሚመስለው ፊደል አለ አይደል፣ ወደ እርሱ አዙረው። አፔርቶ ነው። ክፍት ማለት ነው። ጨረቃዋ ኪውዞ ናት፣ ዝግ።»

አባቴ ወጣ። ፊቱ ላይ ላምባና ዝገት ነበር። «ማን ነገረሽ?» አላት።

«ልብስ ሰፊው ሱቅ በር ላይ ሰሌዳ ነበር» አለች። «ማታ ማታ ጨረቃዋን፣ ጠዋት ጠዋት መሰላሉን ወደ ውጭ እገለብጥ ነበር። ሥራዬ ነበር።»

እርስ በርስ ተያዩ። አባቴ መጀመሪያ እጀታዋን አየ፣ ከዚያ ኤሊዋን ከጎማዋ እስከ ጣሪያዋ አየ፣ በመጨረሻም እናቴን። ኤሊዋ የጣልያን ሥራ እንደሆነች ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም፣ ገብቶታል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እናቴ ታውቅ እንደነበርም ገብቶታል።  ተመልሶ በጀርባው ገባና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አ ሳበ። ስድስት ወር ሙሉ በገዛ ጉልበቱ ያጠበቃት ነበረችና ብቻውን አልቻላትም፣ ዓሊም ሳይቀልድ አብሮት ገባ። አንድ ጊዜ ጧ ብላ ጮኸች፣ ከዚያ ዞረች፣ በርሜሉም ወደ ጉድጓዱ ተዘረገፈ። ሰው አፍንጫውን ይዞ በሳቅ ወደ ኋላ ሸሸ፣ አዴ ሞሚና ከማድ ቤት በር ላይ ሆነው እልል አሉ። እናቴ ከጭቃው ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። ትንሽ ቆይቶ የሻንጣው መክፈቻ ሲላቀቅ ሰማሁ፤ ልብሳችንን ወደ ቦታው እየመለሰች ነበር።

በዚያች ቆርቆሮ ውስጥ ሌላ ስድስት በጋ ኖርን። አባቴ ኤሊዋን አልሸጣትም፣ ስለ ጣልያንም አንድ ቃል አልተናገረም። መዝጊያው በተከፈተ ማግስት ግን ሞረድ ይዞ ገብቶ ሁለቱን ፊደሎች ፋቃቸው፣ በቦታቸውም በነጭ ቀለም በገዛ እጁ «ክ» እና «ዝ» ብሎ ጻፈባቸው፣ ክፈትና ዝጋ። የድንጋይዋን ክፍል ከሠርጉ በኋላ አንድ ነጋዴ ተከራያት። ትሪ የምታህለው መስኮታችን ፊት ለፊት የምታየው የክፍሏን በር ነበር፣ እናቴም በሙቀት ወራት እርጥቡን አንሶላ ስትሰቅል በመጀመሪያ የምትሸፍነው ያቺን መስኮት ነበር።

አባቴ ካረፈ በኋላ፣ እኔም ወልጄ ከብጄ፣ አንድ ቀን ጎመን እየቀነጠስን ሳለ እናቴን ጠየቅኋት። «ያን ቀን ዝም ብትይ ኖሮ ክፍሏ ያንቺ ነበረች። ለምን ተናገርሽ?»

እጇን አላቆመችም። «ሲስቁበት ሰማሁ» አለች።

አንድ ቅጠል ቀነጠሰችና፣ «ክፍሏ ግን ቀዝቃዛ ነበረች» አለች። ከዚያ በኋላ ይህን ነገር አላነሳነውም።

ቧንቧ ሠራተኛው የዛገውን መዝጊያ አውጥቶ አዲስ የፕላስቲክ ገጠመልኝ። ፊደልም ቀስትም የለበትም። «ወደ የትኛው ወገን ነው የሚከፈተው?» አልኩት። «እማማ፣ ወደ ፈለጉት ያዙሩት፣ ካልፈሰሰ ወደዚያኛው ነው» አለኝ። በሁለት ጣት ይዞራል፣ ድምፅም የለውም። የኔ ቤት ግንቡ ወፍራም ነው፣ ሦስት በር አለው፣ ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ይዞራል፣ የሚስቅብኝም ሰው የለም፣ ዝም ማለትም መናገርም ለእኔ ዋጋው ያን ያህል አይደለም። ሰውየው ዕቃውን ሰብስቦ ከሄደ በኋላ መዝጊያውን አንድ ጊዜ ከፍቼ አንድ ጊዜ ዘጋሁት። የውጭውን በር ግን እንደተከፈተ ተውኩት፣ ንፋሱ አቧራውን ይዞ እስኪገባ ድረስ።